ባዶውን የተመለሰ ሳህን

ሀምዲያ መጀመሪያ የመለሰችው ጃንጥላውን ነበር።

የጥር ፀሐይ አናት በሚበሳበት፣ ንፋሱ ከካራማራ ተራራ ወርዶ አቧራውን ሰው ዓይን ውስጥ በሚሞጅርበት ሰሞን ጃንጥላ የሚመልስ ሰው የለም። እሷ ግን አጣጥፋ፣ በማሰሪያው ጠፍራ፣ የአዋላጆቹ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ ከካርድ ክፍል የተዋሰችውን የስልክ ቻርጀር ወስዳ ሰጠች። ቀጥሎ ሹራቡን፣ አጥባና ተኩሳ። ቀጥሎ ከላቦራቶሪ ልጆች የወሰደችውን ልብ ወለድ፤ ግማሹ ላይ ገጹ እንደታጠፈ፣ መጨረሻውን ሳታየው።

ሲስተር እናትአለም ይህን ሁሉ ዓይኗ አየ፤ አፏ ግን አልተናገረም። ረቡዕ ከሥራ መልስ የቤቷ በር ተንኳኳ። ስትከፍት ሀምዲያ ባለ ቀይ አበባውን የእናሜል ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ሲስተር፣ ሳህንሽ።»

«ግቢ እንጂ! ምን በር ላይ ያስቆምሻል?»

«አይ፣ ልሂድ። የማጸዳው ነገር አለኝ።»

«ምኑን ነው የምታጸጂው? ያለችሽ አንዲት ክፍል! እኔ እኮ እግሬን ዘርግቼ ብተኛባት ጭንቅላቴ ውጭ ነው የሚያድረው።»

ሀምዲያ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልድ መሬት ሳይነካ ነበር የምትመልሰው። አሁን ከንፈሯ ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ሳህኑን አቀበለችና ሄደች።

እናትአለም ሳህኑን አየችው። ታጥቦ ያብረቀርቃል። ባዶ ነው።

ያ ሳህን ባዶውን ሄዶ፣ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ሐምሌ 2010 መገባደጃ ላይ ከተማዋ በተናወጠች ጊዜ፣ ጎረቤቷ ዓሻ በጓሮ አጥር አሳልፋ ከራሷ ልጆች ጋር አራት ቀን ደብቃ አቆይታታለች። ነገሩ ሲረጋ እናትአለም ዳቦ ጋገረችና በዚያ ሳህን ላከችላት። ዓሻ ቴምር ሞልታ መለሰችው። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም የሚለው ወግ እዚያም ቤት፣ እዚህም ቤት ነበረና ሳህኑ ከዚያ ወዲህ አርፎ አያውቅም። ሀምዲያ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመድባ ዓሻ ግቢ ክፍል ስትከራይ ሦስተኛ ሆና ገባችበት። አንድ ቀን ሳምቡሳ ይዞ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ሀልዋ። የወር መጨረሻ ላይ አንዲት ሎሚ ብቻዋን እንደ ሙሽራ ተቀምጣበት ትመጣለች። በሦስቱ ቤት መሐል ሳህኑ «ነገም አለሁ» እያለ የሚመላለስ መልእክተኛ ነበር።

የሰው ዕቃ ያለው ነገም ይመጣል፣
ሁሉን የመለሰ ወዴት ይሄዳል?

ግጥሙ ከእናትአለም አፍ ሳታስበው ወጣ። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ከደነችው።

ይህን ምልክት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይታዋለች። ያኔ ግን አላነበበችውም።

እናትአለም ሃምሳ ልትደፍን ጥቂት ነው የቀራት። የተወለደችው ላስታ ነው፤ እናቷ ለቅሶ ቤት ግጥም የምታወርድ፣ ሦስት ቀበሌ አቋርጠው የሚጠሯት ሴት ነበረች። ልጅቱ «እኔስ የሞተን ከማሞገስ የሚሞተውን ባስቀር ይሻለኛል» ብላ ነርስነት ተማረች። ወታደር ባሏን ተከትላ ጅግጅጋ ገባች። ባሏ በሕመም ሲያርፍ ወገኖቿ ነይ አሏት፤ እሷ ግን እዚሁ ቀረች። የእናቷ ዜማም ከደሟ አልወጣ አለ። በማዋለጃው ኮሪደር አንሶላ እያጠፈች ስታንጎራጉር፣ የከፋው ሠራተኛ ሁሉ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ አጠገቧ ይቆም ነበር። እሷ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ታሲዘዋለች። አብረው ያጥፋሉ። ሦስተኛው አንሶላ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ማውራት ይጀምራል።

ለዚህ ነው ሆስፒታሉ «የሠራተኞች ድጋፍ» የሚባል ነገር ሲያቋቁም የሦስት ቀን ሥልጠና አስወስዶ ለእሷ የሰጣት። ሕፃን ሲሞት፣ መኪና ተገልብጦ የሰው መዓት አንዴ ሲመጣ፣ በቦታው የነበሩት በሳልስቱ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሆዳቸውን እንዲያወጡ ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን መሥሪያ ቤት ነውና፣ ያለ ቃለ ጉባኤ ስብሰባ ተደረገ አይባልም። ቃለ ጉባኤ ያዥዋም ራሷ እናትአለም ሆነች። የእጅ ጽሑፏ ያምራላ!

ዮፍታሔ የጠፋው በዚያ ጽሑፍ ነው። ማንም አላላትም፤ እሷ ግን እንደዚያ ታምናለች።

ዮፍታሔ ኦፕራሲዮን ክፍል ማደንዘዣ የሚሰጥ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። በ2012 አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሞተችበት። በሳልስቱ ክቡ ውስጥ ተቀምጦ «ምናልባት ዘግይቼ ይሆናል። እንጃ። ያቺ ደቂቃ ታቃጥለኛለች» አለ። እናትአለም እያነባች ቃሉን አንድም ሳታስቀር ጻፈችው። ከሁለት ወር በኋላ አጣሪዎች መጡ፤ ያ ገጽ ከፋይል ወጥቶ ፊቱ ተዘረጋ። ከሥራ አላባረሩትም። ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የጻፉበት። ከቢሮው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኛት።

«ሲስተር» አላት ፈገግ ብሎ፤ «ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል።»

በሚቀጥለው ሳምንት የሰው ዕቃ መመለስ ጀመረ። ለዘበኛው ባትሪውን። ለእሷ ፔርሙዟን። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» አለ፤ እሷም ብላለች። ሰኞ ሥራ አልገባም። በሩን ሰብረው ሲገቡ ክፍሉ ተጠርጎ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ድንገተኛ ሞት» ተባለ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጡለትም፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ ሲጫን አምስት ሰው ነበር የቆመው። እናትአለም አፏን በጭንብል እንደሸፈነች በውስጧ አወረደችለት፦

ሰው ሁሉን አስተኝቶ ሕመሙን ሰርቆለት፣
የሱን ሕመም ደግሞ ማን በሰረቀለት።

ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ክቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም ግን አይናገርም። «ደህና ነን» ይላሉ። እሷም «ደህና ናቸው» ብላ ትጽፋለች። አንሶላ የሚያጥፍላት ሰውም አልመጣም።

ሀምዲያ ላይ የደረሰው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው።

ድርቁ የበረታበት ጊዜ ነበር። ከየገጠሩ የሚመጡት እናቶች ከስተው፣ ገና ሲደርሱ ደማቸው ያለቀ ይመስላሉ። የዚያን ቀን ከቀትር በፊት ማዋለጃው ውስጥ አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ደም ባንክ በእሷ ዓይነት የቀረው አንድ ከረጢት ብቻ ነበር። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ላይ ነው፤ ተረኛዋ ሀምዲያ። ከረጢቱን ሰቀለችላት። ደሙ መውረድ ከጀመረ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማ። ይሁን የሚባለው ሹፌር ከደምበል ወረዳ ሌላ እናት ይዞ ደረሰ። የደሟ ዓይነት ያው ነው። የእሷ ይብሳል።

የጀመረውን ደም ነቅሎ ለሌላ መስጠት አይቻልም። ሀምዲያም አልነቀለችም። የሁለተኛዋ ሴት ባል ጉሌድ ላቦራቶሪ ሄዶ ደም ሰጠ። ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ እየሮጠ ተመልሶ «ሰጥቻለሁ! አሁን አድርጉላት» አለ። የዚያን ጊዜ ሀምዲያ የሴትየዋን ዓይን እየከደነች ነበር።

አንድ ከረጢት ደም፣ ሁለት የሰው ልጅ፣
ከባዱን ፍርድ ጣሉት ባንዲት ለጋ እጅ።

ስብሰባው ከሳልስቱ ዘግይቶ ሐሙስ ሆነ። ባዶው ሳህን በመጣ ማግስት።

እናትአለም በሆስፒታሉ ግቢ በር ስትገባ ሹፌሩ ይሁን አምቡላንሱን ተደግፎ ቆሟል። እሱ ሳይቀልድ ሰው አያሳልፍም።

«ሲስተር፣ ስብሰባ አለ አሉ። ብስኩት ካለ ጥሩኝ።»

«አንተም ነበርክበት፤ ና ግባ እንጂ።»

«ኧረ እኔ ሹፌር ነኝ፤ ማን ጠርቶኝ! የኔን ስሜት መኪናው ይዞልኛል። እሱም ፍሬኑ ደከም ብሏል።»

ሳቀች። ልቧ ሀምዲያ ጋ ስለነበር ሳቋን እዚያው ትታ አለፈች።

ስድስት ሰው ክብ ሠርቷል። የጥራት ክፍል ኃላፊው ራጉኤል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ከበላይ የሚመጣ ደብዳቤ ያደከመው ሰው ነው፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሲስተር፣ ዛሬ ቃል በቃል ይያዝ እባክዎ። ሪፖርቱን ይፈልጉታል።»

እናትአለም ደብተሩን ከፈተች። ሀምዲያ የማንንም ፊት አላየችም፤ ዓይኗ እናትአለም እጅ ላይ ባለው እስክሪብቶ ላይ ነው። እስክሪብቶው ሲነሳ ይነሳል፣ ሲወርድ ይወርዳል። እባብ የምታይ ነው የምትመስለው።

«እንዴት ነሽ ሀምዲያ?» አለ ራጉኤል።

«ደህና ነኝ። ሁሉም በመመሪያው መሠረት ነው የተሠራው።»

«ሌላ የምትጨምሪው?»

«የለም።»

እናትአለም «ደህና ነኝ» የሚለውን ልትጽፍ ብዕሯን አሳረፈችና ወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ድምፅ ሰማች። ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል። እስክሪብቶውን ከደነች፤ ደብተሩንም አጠፈች።

«እኔ ይህን አልጽፍም።»

«ሲስተር! ቃለ ጉባኤ ከሌለ እኮ አልተሰበሰብንም ማለት ነው።»

«እንግዲያው አልተሰበሰብንም።»

ግን ዘግይታለች። ሀምዲያ ተነስታ ከጋውኗ ኪስ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቁልፍ አወጣችና ራጉኤል ፊት አኖረችው። ከነገ ጀምሮ ፈቃድ ይሰጠኝ አለች። ራጉኤል እፎይ ብሎ «ወደ ቤተሰብ ነው? ጥሩ፣ ጥሩ። እረፍት ያስፈልግሻል» አላት። «አዎ» ብላ ወጣች።

እናትአለም ሁለት እናቶች ምጥ ላይ ስለነበሩ እስከ ስምንት ሰዓት መላወሻ አላገኘችም። ጓንት ባወለቀች ቁጥር ሰዓት ታያለች። ተረኛዋ እንደ ገባች ባጃጅ ያዘች፣ ቤት ገባች፣ ከመሶቡ ያገኘችውን፣ የትናንት ቂጣ ነው፣ ሳህኑ ላይ አደረገችና ወደ ዓሻ ግቢ ገሰገሰች። ዓሻ በሩ ላይ ጥላዋን እየረገጠች ትመላለሳለች።

«አባዮ፣ እንኳን መጣሽ!» አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ወላሂ ይቺ ልጅ አላማረችኝም። ፍራሿን ሰጠችኝ።»

«ምን?»

«ፍራሿን! ‹ዓሻ፣ ላንቺ ይሁን፣ ለልጆቹ› አለችኝ። ድሬዳዋ ልሄድ ነው ትላለች። እናቷ ጠዋት በኔ ስልክ ደውላ ‹ልጄ ስልኳን ለምን ዘጋች› ብላ አላለቀሰችም መሰለሽ? የምትሄድበት ሰው ሳያውቅ ምን መሄድ ነው እሱ?»

እናትአለም ወደ ውስጥ አለፈች። የሀምዲያ በር ገርበብ ብሏል። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። የዮፍታሔ ክፍል፣ ያ የተጠረገው፣ ያ ሰው ዘግይቶ የከፈተው ክፍል፣ እዚህ ድረስ ተከትሏት የመጣ መሰላት። ሀምዲያ ጥግ ላይ ተንበርክካ ጨርቅ ትጨምቃለች።

«ሲስተር? ሳህኑን እኮ መልሻለሁ።»

«ባዶውን ነው የመለስሽው።»

«ረሳሁ።»

«አልረሳሽም።» እናትአለም እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷ ውኃ ጠጣ። «ሀምዲያ፣ ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ። ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?»

ውጭ ንፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳ። ሀምዲያ ጨርቁን ጨመቀች፤ ደርቆ ውኃ መውጣት ካቆመ በኋላም ጨመቀች። አዎም አላለች፣ አይም አላለች።

እናትአለም ይህን ዝምታ በሙሾ ልትሞላው አፏ ዳዳ። ተወችው። ሥልጠናው ላይ አዳምጡ ነበር የተባለው፤ ዛሬ ግን ማዳመጥ የማይከፍተው በር ገጥሟታል።

«የዮፍታሔን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሰምተሽ ይሆናል። ‹ዘግይቼ ይሆናል› ያለውን። ሆዱን ለእኔ አወጣ፣ እኔ አሳምሬ ጽፌ ለሰው ሰጠሁበት። ከዚያ ፔርሙዜን አጥቦ መለሰልኝ። ባዶውን። እኔም ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብዬ ተቀበልኩት፤ ግባ እንኳ አላልኩትም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም። ሦስተኛው ዓመት ሊሆን ነው። ለአንቺ ነገርኩሽ፤ ብትፈልጊ ሂጂና ለራጉኤል አስጽፊው።»

ሀምዲያ ቀና ብላ አየቻት።

«አልሰደበኝም» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«ባልየው። ጥጡን ክንዱ ላይ እንደያዘ ቆመና… ‹ደክመሻል፣ አላህ ይስጥሽ› አለኝ። የሚስቴን ሻሽ ብቻ ስጪኝ አለ። አጣጥፌ ሰጠሁት። ሰድቦኝ ቢሆን! ሲስተር፣ በጥፊ ቢመታኝ! ክንዱ ላይ ያለችው ጥጥ ናት የማትለቀኝ። ዓይኔን ስከድን ጥጧ፣ ስገልጥ ጥጧ። ‹አሁን አድርጉላት› ያለው…» ዓይኗ ሳህኑ ላይ ወደቀ። «ቂጣው የመቼ ነው?»

«የትናንት።»

«ደርቋል።»

«ጥርስ የለሽም?»

ሳቅ ነው ብላ የጀመረችው ለቅሶ ሆኖ ወጣ። ዓሻ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበርና ፍራሹን በራሷ ላይ ተሸክማ ገባች፤ አነጠፈችው። አጠገቡ ሌላ ፍራሽ አነጠፈች። «ሀዬ፣ በቃ፣ እዚህ የምተኛው እኔ ነኝ» አለች። «አንኮራፋለሁ፤ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።»

ሀምዲያን ለአንድ ሰዓትም ብቻዋን አልተዉአትም። በማግስቱ እናትአለም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዛት ገባች፤ ካርድ ሳይወጣ፣ ሐኪሙን በስሙ ጠርታ፣ እጇን ይዛ። ራጉኤል የቃለ ጉባኤውን ነገር ሁለቴ ጠየቃት፤ በሦስተኛው እሷ አንድ ገጽ ይዛለት መጣች። የዮፍታሔ ገጽ ግልባጭ ነበር። አነበበው። ታች ያለውን ቀን አየ፣ ልጁ የሞተበትን ቀን አሰበ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቃትም። ደብዳቤው ግን ከበላይ መምጣቱን አላቆመም። ማን ያውቃል፣ ነገ ሌላ ኃላፊ ይመጣ ይሆናል።

እናትአለም ማታ ማታ ሳህኑን ትጠብቃለች። አምስት ቀን አልመጣም። ስድስተኛው ቀን አልመጣም። በዘጠነኛው ቀን ሀምዲያ ራሷ ይዛው መጣች፤ ግማሹ የተነከሰ አንድ ቴምር አለበት።

«መንገድ ላይ ራበኝ» አለች።

እናትአለም ያንን የተነከሰ ቴምር እንደ ቁርባን ተቀበለችው።

«ጃንጥላውን ከማዋለጃው ይዤልሽ መጥቻለሁ፤ ውሰጂው» አለቻት፤ «ፀሐዩ ከባድ ነው።»

«መልሼ የማመጣው መቼ ነው?»

«እንዳትመልሺው።»

ገና ቁጭ ከማለታቸው በሩ ተንኳኳ። ሹፌሩ ይሁን ነው። ልብሱን ቀይሯል፤ ጺሙን ተላጭቷል። በእጁ ከዓመት በፊት የተዋሰውን፣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ የእናትአለምን የምሳ ዕቃ ይዟል።

«ሲስተር፣ ይኸው። ከኔ ጋ ብዙ ቆየ።»

ቀልድ አልጨመረበትም። ከደምበል እስከ ጅግጅጋ፣ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ፣ የሴትየዋን ጩኸት ከኋላው እየሰማ የነዳው እሱ ነው። ጩኸቱ ጸጥ ሲል መስተዋቱን ቀና አድርጎ ያየውም እሱ ነው። ክቡ ውስጥ ግን ወንበር ያስቀመጠለት አልነበረም።

እናትአለም ከመቀመጫዋ ልትነሳ ስትል ሀምዲያ ቀደመቻት። የምሳ ዕቃውን ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች፤ ውስጡን አየች። ከዚያ ይሁንን ክንዱን ያዘችው፣ አጥብቃ፣ ደም ሊሰጥ የመጣ ሰው ክንድ እንደሚያዝ።

«ባዶውን ነው የምትመልሰው?» አለችው። «ግባ። ግባና ቁጭ በል።»

ከኋላው በሩን ዘጋችው።